ጉበት የጀመረውን ማን ይጨርሰዋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ጂንካ ሱቃችሁን ከፍታችሁ የምታዳምጡን፣ በቀይ አፈርና በዲመካ መንገድ መኪና ውስጥ ያላችሁ፣ በወይጦ ሸለቆ ከብት እያገዳችሁ ሬዲዮዋን ትከሻችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁ፣ አንዴ ስሙኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መጠጥ ነው። ልቆጣችሁ ግን አልመጣሁም፤ ለቁጣው ሽማግሌዎች አሉን፣ እናቶችም አሉን። የእኔ ጉዳይ የጠጣነው ነገር ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ነገሩን ያስነሳው ከአርቦሬ የደረሰን አንድ ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ማታ አረቄ ጠጥቼ አድራለሁ። ጠዋት ማሽላው ማሳ ወርጄ ላቤ ጠብ እስኪል ስሠራ መጠጡ ከላቤ ጋር ይወጣልኛል፤ ቀትር ላይ ደህና ነኝ። ታዲያ እናንተ ሁልጊዜ ጉበት፣ ጉበት የምትሉት ለምንድን ነው?»

ጠያቂያችን ያነሱት ነገር ግማሹ እውነት ነው። መጠጥ ላይ የሚሠራው ጉበት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም፣ ልብም፣ ኩላሊትም፣ አንጎልም ድርሻ አላቸው። ሌላው ግማሽ ግን፣ የላቡ ጉዳይ፣ ልክ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማየት መጠጡን ከአፍ ጀምረን እንከተለው።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ እንነጋገር። በሐመር መንደሮች ከማሽላ የሚጠመቀው ፓርሲ፣ በደቡብ በብዙ ቦታ የሚጠጣው ቦርዴ፣ የኮንሶው ጨቃ፣ እነዚህ እህላቸው ያልተለያቸው፣ አልኮላቸው ዝቅ ያለ መጠጦች ናቸው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ቅል ሙሉ ፓርሲ አልኮሉ 3 በመቶ ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 12 ግራም ገደማ ነው። አረቄ ሌላ ነገር ነው። ከደጋው በጄሪካን ተጭኖ ወርዶ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ በመለኪያ የሚቀዳው አረቄ አልኮሉ 40 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ዳግም ከሆነ ከዚያም ያልፋል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ 16 ግራም ንጹሕ አልኮል አለባት። ያቺ ትንሽ ብርጭቆ ከትልቁ ቅል በለጠች ማለት ነው። በፓርሲ ልክ መጠጣት የለመደ እጅ አረቄ ሲጨብጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አንድ ጉንጭ አረቄ ተጎነጨን እንበል። ገና ሳንውጠው ሥራ ተጀምሯል። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ይነኩታል፤ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገርም ይለውጡታል። ስሙን ያዙልኝ፣ የዛሬው ክፉ ገጸ ባሕርይ እሱ ነው። አሴታልዲሃይድ መርዝ ነው፤ ከሕዋሳታችን የዘር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ያበላሸዋል። ጉበት ውስጥ ሲፈጠር ወዲያው የሚያከሽፈው ኢንዛይም በብዛት አለ። አፍና ጉሮሮ ላይ ግን ያን ያህል መከላከያ የለም። ባክቴሪያዎቹ መርዙን ይሠራሉ፣ ማጥፋቱ ላይ ግን ዳተኞች ናቸው። ስለዚህ ሰው ሲጠጣ ምራቁ ውስጥ ያለው የአሴታልዲሃይድ መጠን ደሙ ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። ያ ምራቅ ደግሞ ሲዋጥ የምግብ ቧንቧውን እያጠበ ነው የሚወርደው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 የአልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስገብቷቸዋል። በ2009 ደግሞ ከመጠጥ ጋር የሚመጣውን አሴታልዲሃይድ ራሱን ለይቶ እዚያው ተርታ መደበው። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከመጠጥ ጋር የሚነሱት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ትምባሆ የሚጨምርበት ሰው፣ ጥርሱና ድዱ የታመመ ሰው፣ አፉ ውስጥ የሚሠራው መርዝ ከሌላው ይበዛል። «ጉበቴ ደህና ነው፣ ተመርምሬአለሁ» የሚል ጠጪ ይህን ክፍል ልብ ይበልልኝ፤ የጉበት ምርመራ ስለ ጉሮሮ አይናገርም።

ተመሳሳይ ነገር ታች ትልቁ አንጀት ውስጥም ይሆናል። አልኮል በደም በኩል ይደርሰዋል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፣ የአንጀቱ ግድግዳ መርዙን ለማክሸፍ ያለው አቅም ትንሽ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ከመጠጥ ጋር ከሚያያዙት አንዱ ነው።

ጨጓራ ላይ ቶሎ እንለፍ። የጨጓራ ግድግዳ ከጉበት ኢንዛይሞች ጋር የሚዛመዱ ኢንዛይሞች ስላሉት ጥቂት አልኮል ገና ደም ውስጥ ሳይገባ ያስቀራል። ይህን የሚያደርገው ግን መጠጡ እዚያ ከቆየለት ነው። ምግብ ያለበት ጨጓራ መጠጡን ያቆየዋል፤ ባዶ ጨጓራ ወዲያው ወደ ትንሹ አንጀት ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የሴቶች ጨጓራ በዚህ ሥራ ከወንዶች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሴት ልጅ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውኃም በመጠን ያንሳል። አንድ መለኪያ ለባልና ለሚስት እኩል ቢቀዳም ደማቸው ውስጥ እኩል አይሆንም።

ጉበት ጋ ደረስን። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው፤ በሁለት ደረጃም ይከናወናል። በመጀመሪያው አልኮሉ አሴታልዲሃይድ ይሆናል። በሁለተኛው አሴታልዲሃይዱ ይከሽፍና አሴቴት ይሆናል። አሴቴት ማለት ሰላጣ ላይ የምናፈሰው የአቼቶ አሲድ ነው። ጠላ ወይም ፓርሲ ተከፍቶ ሲሰነብት የሚሆመጥጠውም በከፊል በዚሁ አሲድ ነው፤ እንስራው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አየር አግኝተው ጉበታችን የሚሠራውን ሥራ ይሠሩታል።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ኤይናር ሉንድስጎርድ የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት ከእንስሳ አካል ተለይቶ ደም እንዲዘዋወርበት በተደረገ ጉበት ላይ ሙከራ አደረገ። ያየውም ጉበት አልኮሉን እስከ መጨረሻው እንደማያቃጥለው፣ አሴቲክ አሲድ ላይ ካደረሰው በኋላ ወደ ውጭ እንደሚለቀው ነው። ምክንያቱ አሁን በደንብ ይታወቃል። ጉበት በመጠጥ ሰዓት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ሲሠራ ሌላው የማቃጠያ መሥመሩ ይዳከማል። አሴቴቱን ወደ ደም ያፈሰዋል፣ ቀሪውን ሌሎች ይሠሩታል።

እነማን? አንደኛ ጡንቻ። እግር፣ ክንድ፣ ጀርባ፣ ማረሻ የሚይዘውም ሆነ ከብት የሚከተለው ጡንቻ አሴቴቱን ከደም ይወስድና ስኳርም ስብም በመጨረሻ በሚደርሱበት የማቃጠያ መንገድ ውስጥ ያስገባዋል። ልብም እንዲሁ፤ ልብ ያገኘውን ነዳጅ የማይመርጥ ጡንቻ ነው። ኩላሊትም ይወስዳል፣ አንጎልም ይወስዳል። መጨረሻው ውኃና የተቃጠለ አየር ይሆናል፤ አየሩን በሳንባ እናስወጣዋለን። እንግዲህ ማታ ከተጠጣው አረቄ አብዛኛው ከሰውነት የሚወጣው ሽታ በሌለው እስትንፋስ ነው። አፍ ላይ የሚሸተው ሳይለወጥ የቀረው ጥቂቱ ነው።

ይህ ጥቂት ስንት ነው? ከተጠጣው አልኮል ሳይለወጥ በእስትንፋስ፣ በሽንትና በላብ የሚወጣው ተደምሮ ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው። ከሦስቱ የላብ ድርሻ ትንሹ ነው። የአርቦሬው ጠያቂያችን ማሳ ላይ የሚያፈሱት ላብ የማታውን አረቄ ይዞት የሚወጣው ከቁጥር የማይገባውን ያህል ነው።

«እሺ፣ በላብ ካልወጣ፣ ጡንቻ አሴቴቱን ያቃጥላል ካላችሁ፣ ጡንቻዬን ሳሠራው ቶሎ አያልቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ብልህ ጥያቄ ነው። የሚሠራ ጡንቻ አሴቴቱን ሊወስድ ይችላል። ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ከብቶች ጠዋት ከበረት ሲወጡ አስቡ፤ በሩ ጠባብ ነው፣ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚያልፉት። ውጭ ያለው ግጦሽ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን መንጋው ከበረቱ ቶሎ አይወጣም። ጠባቡ በር የጉበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ያህል ያሳልፋል፤ ለምዶ የሚጠጣ ሰው ትንሽ ሊፈጥንለት ይችላል። ሩጫ በሩን አያሰፋም። ቀዝቃዛ ውኃም፣ ቡናም፣ የቡና ገለባ ፍልም አያሰፋውም። ቡና እንቅልፍ ያባርራል፤ የሰከረው ሰው ንቁ ሰካራም ይሆናል።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የተሞላ አረቄ ጨረሰ እንበል። ውስጡ ወደ 158 ግራም አልኮል አለ። ጉበቱ በሰዓት 10 ግራም ቢያሳልፍ በማግስቱ ቀትር፣ 7 ግራም ቢያሳልፍ እስከ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። ጠዋት ተነስቶ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ወይም ከወይጦ ወደ ጂንካ አይሱዙ ሲነዳ፣ «አድሬአለሁ እኮ» የሚለው ነገር አይሠራም። ደሙ ውስጥ ገና አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ላቡ ልመለስ፤ የእኔ ትልቁ ሥጋት እሱ ነውና። አልኮል ኩላሊት ውኃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ያፍነዋል። ስለዚህ የጠጣ ሰው ከጠጣው ፈሳሽ በላይ ሊሸና ይችላል። ጠዋት የሚሰማው የራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ አንጎበር የምንለው ነገር አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጂንካ ከፍ ያለች ናት፣ ነፋሻ ናት፤ ሰው አንጎበሩን ተሸክሞ ሊውል ይችላል። አርቦሬ ግን ጨው ባሕር ሜዳ ጫፍ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከብዳል። ማታ በሽንት ውኃውን የጨረሰ ሰው ጠዋት በላብ ሲደግመው፣ አረቄውን አላስወጣም፣ የቀረችውን ውኃ ነው ያስወጣው። ቀትር ላይ «ደህና ሆንኩ» ያሰኘው ጊዜው ነው፤ ጉበቱ በራሱ ፍጥነት ሲሠራ ቆይቷል። ጥላ ሥር ቢተኛም እኩል ሰዓት ላይ ይደርስ ነበር፣ ውኃውም ይተርፍለት ነበር።

ሌላው ብዙ የምሰማው ነገር «አረቄ ጉልበት ይሰጣል» የሚለው ነው። ይህም ከባዶ የመጣ አይደለም። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፣ ከስኳር ይበልጣል፣ ከስብ ያንሳል። ጡንቻና ልብ በአሴቴቱ ይሠራሉ ብለናል። ሆኖም ሰውነት አልኮልን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም። ስኳርን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ፣ ስብን ከቆዳ ሥር ያስቀምጣል፤ አልኮል ግን ከገባ መቃጠል አለበት፣ ወረፋም ሳይጠብቅ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 24 ግራም አልኮል፣ ማለትም አንድ መለኪያ ተኩል ያህል አረቄ፣ ለጤነኛ ወንዶች ሰጥቶ ሲለካ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ስብ በ73 በመቶ ወረደ። አሴቴቱ ቦታውን ያዘበት። ስቡ ባለበት ይቀመጣል፣ ሆድ ዙሪያና ጉበት ላይ ይከማቻል።

እህል ሲያልቅ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ምግብ ሳንበላ ስንቆይ ደማችን ውስጥ ስኳር እንዳይጎድል ጉበት አዲስ ስኳር ይሠራል። አልኮል ላይ ሲጠመድ ይህን ሥራ ይተወዋል። ሳይበላ የጠጣ ሰው ላብ አጥምቆት፣ ተንቀጥቅጦ፣ አእምሮውን ስቶ ሲወድቅ ሁሉም «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ይላል። ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ተኝቶ ላይነሳም ይችላል። ልጆች ላይ ይህ እጅግ ይፈጥናል። ለልጅ «ትንሽ ይቅመስ» ተብሎ የሚሰጥ አረቄ ቀልድ አይደለም።

አንጎል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በቅርብ ዓመታት ብዙ አዲስ ነገር የተገኘው እዚህ ነውና። አንጎል ከመጠጥ ጋር ሁለት ዓይነት ንክኪ አለው። አንደኛው፣ አልኮሉ ራሱ እዚያ ሲደርስ በራሱ ኢንዛይሞች ጥቂቱን ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ መርዙ ከጉበት ተጉዞ መምጣት ሳያስፈልገው እዚያው ይሠራል። ሁለተኛው አሴቴቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠጡ ሰዎች አንጎል አሴቴትን ከሌላው ሰው አንጎል የበለጠ እንደሚስብና እንደሚያቃጥል አሳዩ። ጠጪው መጠጥ ሲያቆም ይህ የለመደው ነዳጅ ድንገት ይቋረጥበታል፤ መጠጥ ማቆም ለምን እንደሚከብድ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። በ2019 ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአይጦች ላይ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። ጉበት የለቀቀው አሴቴት በሰዓታት ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያም የዘር ቅንጣት የሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል። ከትምህርትና ከትውስታ ጋር የተያያዙ የዘር ክፍሎች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ሁኔታ ይለውጣል። አይጧ የመጠጥ ቦታን ለምዳ ደጋግማ ወደዚያ የምትመለሰው በከፊል በዚህ ነው። መርዝነቱ ተወግዶ «ምንም አይል» ተብሎ የተለቀቀው ተረፈ ምርት ትውስታችን ውስጥ እጁን ያስገባል ማለት ነው። በዚያው ጥናት የእርጉዝ አይጥ አሴቴት ፅንሱ አንጎል ድረስ ሄዶ ተገኝቷል።

እርግዝና ከተነሳ፣ ፅንስ የሚሠራ ጉበት ቢኖረውም አልኮል የሚሰብሩት ኢንዛይሞቹ ገና ደካሞች ናቸው። እናት የጠጣችው በእትብት ያልፋል፣ ፅንሱ በሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥም ይቆያል፤ ፅንሱ ያንኑ መልሶ ይውጠዋል። በዋናነት የሚያጸዳለት የእናቱ ጉበት ነው። ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ የጡት ወተት የደሙን መጠን ይከተላል። ደም ውስጥ ሲኖር ወተት ውስጥ አለ፣ ከደም ሲጠፋ ከወተት ይጠፋል። አልቦ መድፋት አያፈጥነውም።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው ስለ ተራው አልኮል ነው፤ አሁን ጄሪካኑ ውስጥ ሌላ ምን ሊኖር እንደሚችል እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። የቢራው ዘፈን ከጣቢያዎች የጠፋው ለዚህ ነው። የአረቄዋ ጄሪካን ግን ድሮም ማስታወቂያ አስነግራ አታውቅም። እሷ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ ማን እንዳወጣት፣ ምን እንደተጨመረባት የሚናገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው።

በእህል የወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል የሚባለው ሌላ ዓይነት አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ትርፍ ፈላጊ የፋብሪካ ስፒሪት ከቀላቀለበት ግን ታሪኩ ይለወጣል። ጉበት ሜታኖልንም በዚያው በር ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ የሚወጣው ግን ጡንቻና ልብ እንደ ነዳጅ የሚያቃጥሉት አሴቴት አይደለም፤ ፎርሚክ አሲድ ነው። ሰውነት ይህን የሚያስወግደው በጣም በዝግታ ነው። አሲዱ ሕዋሳት ኦክስጅን የሚጠቀሙበትን መሥመር ይዘጋል፤ መጀመሪያ የሚጎዳውም የዓይን ነርቭ ነው።

አታላይነቱ ጊዜው ላይ ነው። ሰውየው ማታ እንደማንኛውም ሰው ሞቅ ብሎት ያድራል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስታውከዋል፣ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ ዓይኑ ላይ ጭጋግ ወይም ነጭ ነገር ይጋረድበታል። ከተራ አልኮል ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል፤ ጉበት ተራውን አልኮል ስለሚያስቀድም ሜታኖሉ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ «ከትናንት ወዲያ ነው የጠጣው፣ ከመጠጡ አይደለም» ብላችሁ አትተዉት። የዓይን ብዥታ ያለበትን ሰው ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጂንካ ሆስፒታል አድርሱት፤ መድኃኒት አለው። ከተገኘ የጠጣበትን ጄሪካን ወይም ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብረውት የጠጡትንም፣ ደህና ነን ቢሉ እንኳ፣ አብራችሁ ውሰዷቸው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)